ስም የማይጠራበት ግቢ

በርበሬ የሚሉኝ ያለምክንያት አይደለም። ወደዚህ ግቢ በገባሁበት ቀን፣ ሻንጣዬን መሬት ሳላስነካ፣ ከአንዷ ጋር በቁራጭ ሳሙና ተጣላሁ፤ ስሙ የወጣልኝ ያኔ ነው። ያቺ የተጣላኋት ሴት ዛሬ በር ጠባቂያችን ናት። ቆፍጣኔ እንላታለን። ሳሙናው የማን እንደነበረ እስከ ዛሬ አልተስማማንም። ትክክለኛ ስሜን ግን አትጠይቁኝ። እዚህ ግቢ ስም አይጠየቅም፣ ስም አይጠራም፤ ለእናንተ ስልም ልማዴን አልሰብርም።

ከውጭ ለሚያየን የልብስ ማጠቢያ ነን። የሆቴሎች አንሶላ፣ የትራስ ልብስና ፎጣ በጆንያ ተሞልቶ ይመጣል፤ እንዘፈዝፋለን፣ እናጥባለን፣ እናሰጣለን፣ ተኩሰን አጥፈን እንመልሳለን። ከማጠቢያው ጀርባ ግን አልጋ የተደረደረባቸው ረጃጅም ክፍሎች አሉ። እዚያ የምናድረው እኛ ነን፤ ከባሏ የሸሸች፣ አርግዛ የተካደች፣ ባሏ ሞቶ ወንድሞቹ ከቤቷ ያስወጧት፣ ከሠራችበት ቤት በሌባ ስም የተባረረች። አብዛኛዋ ሙያውን ተምራ፣ ጉልበቷ ተመልሶላት፣ ክፍል ተከራይታ ትወጣለች። እንደኔና እንደ ቆፍጣኔ ያለው ግትር ደግሞ ይቀራል።

ይህን ሁሉ የጀመረችው አንዲት አዋላጅ ናት። አንቱ ማለት ሲገባኝ አንቺ የምላት ንቄያት አይደለም፤ ራሷ ናት የከለከለችን። "አንቱታ ለባለሥልጣን ነው፤ እናቱን አንቱ የሚል ልጅ አዋልጄ አላውቅም" ትላለች። ስለዚህ ትልቅ ትንሹ እማዬ ነው የሚላት።

በወጣትነቷ ቤት ለቤት እየዞረች ታዋልድ ነበር። አንድ ቀን የሰው ቤት ሠራተኛ የሆነች ልጅ ወጥ ቤት ወለል ላይ አዋለደች። ገና እጇን ሳትታጠብ አሠሪዎቹ የልጅቷን ጓዝ አውጥተው በር ላይ አስቀመጡት። እማዬ አልተከራከረችም። እመጫቷን ደግፋ፣ ሕፃኑን በሻሿ ጠቅልላ፣ ወደ ራሷ ቤት ይዛት ሄደች። ባሏ አናጢ ነበር። ከሥራ ሲመለስ አልጋው ላይ የማያውቃት ሴት ከነልጇ ተኝታለች። "የተሳሳትኩት ቤት ነው ወይስ ሚስት?" አለ ይባላል። ያን ዕለት የሥራ ጠረጴዛው ላይ ፍቅፋቂ ተንተርሶ አደረ፤ ሲነጋ ግን ማንም ሳያዘው አልጋ መሥራት ጀመረ። "ይኼ የመጨረሻው ነው" እያለ ሠራው። ሌላዋ ስትመጣም "ይኼ የመጨረሻው ነው" አለ። እስኪሞት ድረስ እንዲሁ እያለ ኖረ። ዛሬ የምንተኛባቸው አልጋዎች ሁሉ የመጨረሻዎቹ ናቸው።

የማጠቡን ሥራ ያመጣችው ያቺው እመጫት ናት፤ ሌላ ሙያ አልነበራትም። በጎረቤት ልብስ ተጀምሮ ወደ ትንሽ ሆቴል፣ ከዚያም ወደ ትልልቆቹ አደገ። ሰፈሩ መጀመሪያ ላይ ብዙ አወራ። የባለጌ ሴቶች ማደሪያ ነው ያለ አለ፤ ሴት ልጁን በዚያ በኩል እንዳታልፍ የከለከለ አለ። እማዬ ግን የሰፈሩን ግማሽ ያዋለደች ስለሆነች አፍ ማዘጋት አልቸገራትም። አንዱ መንገድ ላይ ሲሰድባት "አንተን ሳዋልድህ በእግርህ ነበር የመጣኸው፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ነገር እንዳጣመምክ ነው" ብላው አለፈች። ሰውየው አሁን የክት ልብሱን እኛ ዘንድ ነው የሚያሳጥበው።

ስም የማይጠራበት ምክንያት ግን ቀልድ የለበትም። እኔ ከመምጣቴ በፊት ነው። ልብሱን ያሳመረ ሰው ዳቦ ይዞ በሩ ላይ ቆመና የሚስቱን ስም በለስላሳ ድምፅ ጠራ። ከሴቶቹ አንዷ፣ ምስኪን፣ "አንሶላ እያሰጣች ነው፣ ልጥራልህ" አለችው። እያባበለ ይዟት ሄደ። ከዚያ ወዲህ ስሟን የሰማሁት ቀብሯ ላይ ነው ትላለች እማዬ። ከዚህ አልፋ አውርታ አታውቅም።

ሥርዓቱ የወጣው ያኔ ነው። አዲስ የመጣች ሴት ስሟን አንዴ ብቻ፣ በእማዬ ጆሮ ትናገራለች። አይጻፍም፤ ወረቀት ላነበበው ሁሉ ይናገራል ባይ ናት። እኛ ደግሞ በመጀመሪያው ቀን ካየንባት ነገር ተነስተን ቅጽል እናወጣላታለን። የውጭ ሰው ስም ጠርቶ ሲመጣ ቆፍጣኔ በሩ ላይ አቁማው ትገባና ስሙን በእማዬ ጆሮ ትላለች። እማዬ ባለስሟን ለብቻ ጠርታ ሰውየውን ማየት ትፈልግ እንደሆነ ትጠይቃታለች። ካልፈለገች ቆፍጣኔ ተመልሳ እንዲህ የምትባል ሴት አላውቅም ትላለች። ብትምልም አትዋሽም፤ እውነትም አታውቅም። ስንቱ ባል፣ ስንቱ ወንድም፣ ስንቱ አስታራቂ ነኝ ባይ ሽማግሌ በዚህ ሥርዓት ከደጃችን ተመልሷል።

ጃንጥላ የመጣችው ጠብታ ዝናብ በሌለበት፣ ፀሐይ አናት በሚበሳበት ቀን ነው፤ ጃንጥላዋን ዘርግታ፣ ሆዷ ገፍቶ። ፊቷን ለመሸፈን ብላ ነበር፤ ክፍል ውስጥ ገብታ እንኳ ለማጠፍ ፈራች። እኛ ዘንድ ሆና ሴት ልጅ ወለደች። አራስነቷን እንደጨረሰች እኔ ጋር አንሶላ እንድታጥፍ ተመደበች።

አዲስ ሴት ሁሌ የምትጀምረው በማጠፍ ነው፤ ይህም የእማዬ ዘዴ ነው። አንሶላ ለብቻ አይታጠፍም። አንዷ ከወዲያ፣ አንዷ ከወዲህ ይዘን እንወጥራለን፣ እየተራመድን እንገናኛለን፣ ጫፉን ተቀባብለን እንደገና እንራራቃለን። እጅ ሥራ ይዟል፣ ዓይን ከጠርዙ ላይ ነው፤ አፍ ብቻውን ይቀራል። ማንም ሳይጠይቃት የማታወራ ሴት እስካሁን አላየሁም።

ጃንጥላም አወራች። ባሏ በከተማቸው የተከበረ ሰው ነው። ክንዷን ሲሰብራት ደረጃ ላይ ወድቃ ነው አለ፣ ከተማው አመነው። ክንዷ እንደተሰበረ እናቷ ዘንድ ሄደች፤ እናቷ ግን ትዳር ነው፣ ታገሺ፣ ብላ መለሰቻት። ከዚያ በኋላ ባሏ በነጋ በጠባ የሚላት አንድ ነገር ነበር፤ እናትሽ ልጅ የለኝም ብላለች፣ በዚህ ዓለም ከኔ በቀር ማንም የለሽም። ጃንጥላ ግማሹን አመነች፣ ግማሹን አላመነችም። ከከተማቸው ጨርቅ ልትሸጥ የምትመጣ አንዲት ነጋዴ አግኝታ ለእናቷ መልእክት ልካለች፤ ያለሁት እዚህ ማጠቢያ ነው፣ ለማንም ሳትነግሪ ነይ ብላ።

"ከመጣች እናት አለኝ" አለችኝ፣ ጠርዙን እያስተካከለች። "ካልመጣች ግን እሱ እውነቱን ነው። ልጄን ዘመድ አልባ አድርጌ አላሳድግም። ነጋዴዋ ስትመለስ አብሬያት ወደ እሱ እሄዳለሁ።"

ነደደኝ። በሌላኛው ክንድሽስ ልጅሽን ልትይዢበት አይደለም ወይ፣ እሱንም ልታስሰብሪ ነው፣ አልኳት። አንሶላውን ከእጄ ተቀብላ አራተኛውን እጥፋት አጠፈች። አንጀቴን በላችው፤ እንደዚያ ዓይነቷን ግትር ደግሞ አውቃታለሁ፣ ያለችውን ታደርጋለች።

ነጋዴዋ አንድ ጠዋት መጣች። ብቻዋን ነበረች። ጃንጥላ ስታያት ፊቷ ላይ ምንም አልታየም። ገብታ ልጇን አዘለች፣ ጓዟን ይዛ ወጣች። ነጋዴዋ ግን ግራ ተጋብታ ዙሪያውን ታያለች። "እናትሽስ?" አለች። "ከኔ ቀድማ በትናንቱ አውቶቡስ ነው የተነሳችው። እዚህ ተቀምጣ አገኛታለሁ ብዬ ነበር።"

ቆፍጣኔ ከበሩ አጠገብ ሆና ይህን ሰማች፤ ደረቅ ፊቷ ሲለወጥ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ትናንት ከሰዓት በኋላ ሰማያዊ ሻሽ ያሰረች ሴት መጥታ ነበር አለች። "ስም ጠርታ ጠየቀች። እንደ ሥርዓቱ ገብቼ ለእማዬ ነገርኳት፤ እማዬ ትንሽ አሰብ አድርጋ እንዲህ የምትባል የለችም አለችኝ። ሴትዮዋ አልለመነችም፣ አንገቷን ደፍታ ሄደች።" ይህን ተናግራ ቆፍጣኔ በሩን ተደገፈች።

እማዬ መተኮሻው ክፍል በር ላይ፣ ወንበሯ ላይ ተቀምጣ ነበር። ጃንጥላ ሄዳ ተንበረከከችና በጆሮዋ አንድ ነገር አለች፤ ስሟን ነው። እማዬ ልጅቷን ለረጅም ጊዜ አየቻት። ማጠቢያ ማሽኑ ቆመ፣ ካውያው ቆመ፣ ሁላችንም ተሰበሰብን።

"ይኼን ስም ነግረሽኝ ነበር?" አለች። ጃንጥላ አዎ በሚል ራሷን ነቀነቀች። እማዬ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አደረገችና ሁላችንንም አየችን። "ልጆቼ፣ ስሞቹ እየጠፉብኝ ነው። ከጀመረኝ ቆይቷል። እናንተ ዕረፊ ትሉኛላችሁ ብዬ ፈርቼ ደበቅኩ። በኔ ኩራት የሰው እናት ከደጃፌ ተመልሳለች።"

ማናችንም አልገረመንም፤ የሚያሳዝነው እሱ ነው። ሻይዋ ውስጥ ጨው ስትጨምር አይተናል። አንዷን በሌላዋ ቅጽል ስትጠራ ሰምተን እየሳቅን አቤት ብለናል። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ፤ እያወቅን፣ ስለምንወዳት፣ ያወቅነውን ለራሳችን እንኳ አልነገርንም። እሷ ግን በሁላችን ፊት፣ ድምፅዋ ሳይንቀጠቀጥ፣ ተናገረችው። ብዙ ትልቅ ነገር ስታደርግ አይቻታለሁ፤ ከዚህ የሚበልጥብኝ የለም።

ከዚያ ልቅሶ ሳይጀመር ተነሳች። ወደዚያ ከተማ የሚሄደው አውቶቡስ በቀን አንድ ነው፣ የሚነሳውም እኩለ ቀን ላይ። ሴትዮዋ ከሰዓት በኋላ ስለመጣች የትናንቱ አምልጧታል፤ ዛሬ መናኸሪያ ናት ማለት ነው። ችግሩ መልኳን በደንብ ያየ የለም፤ ቆፍጣኔ በበሩ ቀዳዳ ያየችው ሻሿን ነው። የእናትሽን ስም ንገሪንና እንጥራት አልኳት ጃንጥላን።

"እናቴን በስሟ የሚጠራት ሰው የለም" አለች። "እኔን ከወለደች ጀምሮ ሁሉም በኔ ነው የሚጠራት፤ የእገሊት እናት ነው የምትባለው። በራሷ ስም ብትጠሯት እሷን አይመስላትም። የኔን ስም ጥሩ።"

ቆፍጣኔ ከለከለች። አውቶቡሱ የከተማቸው ሰው የሞላበት ነው፤ ስሟ እዚያ ከተጠራ ወሬው ከመኪናው ቀድሞ ባሏ ጋ ይደርሳል። ሥርዓቱ የወጣው ለዚህ አይደለም ወይ? ጃንጥላ ልጇን ከጀርባዋ አውርዳ አቀፈቻት። "ይስማ" አለች። "እናት እንዳለኝ ካወቅኩ እሱን አልፈራውም።"

"እንግዲያው የምጣራው እኔ ነኝ" አለች እማዬ። "እኔ ነኝ የመለስኳት። ሰውየውም ከመጣ ወደኔ ይምጣ።"

የሆቴሉ መኪና ንጹሕ አንሶላ ሊጭን ግቢ ውስጥ ቆሞ ነበር። ሾፌሩ ሊከራከር አፉን ሲከፍት አየኝና መልሶ ዘጋው። እማዬን ጆንያዎቹ ላይ አስቀመጥናት፤ ቆፍጣኔና እኔ ግራና ቀኝ ያዝናት። መንገዱ ጉድጓድ በገባ ቁጥር እየነጠረች አንሶላዬን እንዳታቆሽሹት ትለናለች። ጃንጥላን የከተማዋ ሰው እንዳያያት ቤት ትተናት ሄድን፤ የእግሯን ጣቶች እያየች በሩ ላይ ቀረች።

መናኸሪያው ውስጥ ረዳቶቹ የየከተማውን ስም እየጠሩ ይጯጯኻሉ፣ ሞተር ያጓራል፣ ሻንጣ ጣሪያ ላይ ይወረወራል። ድምፅ ማጉያ የያዘውን ሰው ለመንኩት፤ ያለ አለቃው ፈቃድ አይሆንም፣ አለቃው ደግሞ ምሳ ወጥቷል አለኝ። በርበሬ የተባልኩበትን ምክንያት ላሳየው ስዘጋጅ ዞር ብል እማዬ የለችም። አንድ የእንጨት አግዳሚ ላይ ልትወጣ ስትፍጨረጨር አገኘኋት። ደግፈን አወጣናት።

ከዚያ ጮኸች። ያን ድምፅ የማውቀው ከግቢያችን ማዋለጃ ክፍል ነው። በምጥ የምትጮኽ ሴት የራሷን ጩኸት አልፋ እንድትሰማው ሆኖ የተሠራ ድምፅ ነው፤ ግፊ ሲል አለመግፋት አይቻልም። የጃንጥላን ስም ጠርታ "እናት!" አለች። ማንም አልዞረም። ደገመች። ረዳቶቹ አንድ በአንድ ዝም አሉ። ዕድሜዋን ሁሉ ስም ስትሸሽግ የኖረች ሴት፣ በሕዝብ መካከል ስም ስትጠራ ማየት ከበደኝ፤ ኮራሁባትም። ሦስተኛውን ስትጠራ ከአንዱ አውቶቡስ መስኮት ሰማያዊ ሻሽ ብቅ አለ።

"አቤት" አለች ሴትዮዋ፣ ቀስ ብላ።

ወርዳ መጣች። አጠር ያለች፣ ጫማዋ አቧራ የጠጣ ሴት ናት። እማዬ ከአግዳሚው ሳትወርድ "እህቴ፣ ትናንት ከደጄ የመለስኩዎት እኔ ነኝ" አለቻት። "ልጅዎ አለች። ስሟን ረስቼው ነው። እሷ መምጣትዎን አላወቀችም፣ ስትጠብቅዎ ነው የከረመችው።"

ሴትዮዋ አለቀሰችና ነገረችን። የለችም ሲሏት፣ ልጇ ልታያት ስላልፈለገች ያስመለሰቻት መስሏት ነበር። ክንዷ ተሰብሮ ስትመጣልኝ ወደ ባልሽ ሂጂ ያልኳት እኔ ነኝ፣ ቢገባኝ ነው ብዬ ተቀበልኩ አለች። ብትቀበላት ከተማው በሙሉ ሊነሳባት፣ ብትመልሳት የሆዷ ልጅ። ላም እሳት ወለደች፤ እንዳትልሰው ፈጃት፣ እንዳትተወው ልጅ ሆነባት ማለት ይኸው ነው።

ሁለቱ ሲገናኙ የሆነውን አልዘረዝርም። ጃንጥላ ጓዟ እግሯ ሥር እንዳለ በሩ ላይ ቆማ ነበር። እናቷ ደርሳ መጀመሪያ የዳበሰችው ክንዷን ነው፤ የተሰበረውን። ከዚያ ሕፃኗን ተቀበለቻት።

ሰውየው መምጣቱ አልቀረም። ወሬው ደርሶት በሳምንቱ ከች አለ፤ ልብሱን አሳምሮ፣ ሁለት ሽማግሌ አስከትሎ። ቆፍጣኔ ወደ ውስጥ ልትገባ ስትል የጃንጥላ እናት እጇን ያዘቻትና ራሷ ወጣች። ከኋላዋ እኛ እርጥብ አንሶላ እንደያዝን ቆምን። "ልጄን የሰጠሁህ እኔ ነኝ፤ የወሰድኳትም እኔ ነኝ" አለችው። ሽማግሌዎቹ መሬት መሬት አዩ። እሱ ትንሽ ፎከረ፣ ፖሊስ አለ፣ ፍርድ ቤት አለ። ፍርድ ቤት እንገናኝ አልነው፣ የተሰበረ ክንድ ያከመ ሐኪምም አለ አልነው። ወደ መናኸሪያ ተመለሰ። እናትና ልጅ አሁን ከኛ ሦስት ቤት አልፎ ክፍል ተከራይተዋል፤ ጃንጥላ ጠዋት እየመጣች ትሠራለች፣ እናቷ ሕፃኗን ትይዛለች።

ከዚያ በኋላ እማዬ ሥርዓቱን አሻሻለችው። አንድ ስም ለሦስት ጆሮ እንዲነገር፤ ለእሷ፣ ለቆፍጣኔና ለኔ። መተኮሻው ክፍል ውስጥ ሦስታችን ተቀመጥን፣ ሴቶቹ አንድ በአንድ እየገቡ ስማቸውን ተናገሩ። አንዳንዷ አልቅሳ ወጣች፣ አንዳንዷ ስቃ። ስሟን ከተናገረች ዓመታት ስላለፉ የገዛ አፏ ያልታዘዘላትም ነበረች። ሲያልቅ ቆፍጣኔም ያንን ቀጥ ያለ ፊቷን ይዛ የራሷን ተናገረች። ከዚያ እማዬ ወደኔ ዞረች።

"የአንቺም ጠፍቶብኛል፣ ልጄ" አለችኝ።

ልቤ ተሰበረ፣ ለምን እዋሻለሁ። ስሜን የምታውቅ አንዲት ሰው እሷ ነበረች። እናቴ ሞታለች፣ ወንድሞቼም ክደውኝ በዚያው ቀሩ። እሷ ጋ እስካለ ድረስ የትም አልጠፋሁም ብዬ ነበር የምኖረው። ተናድጄ ልነሳ ቃጣኝ። ግን አየኋት፤ እጇን ጆሮዋ ሥር አድርጋ፣ እንደ መጀመሪያው ቀን ጎንበስ ብላ እየጠበቀችኝ ነው። ነገርኳት። ድምፄ የኔ አልመስል አለኝ።

ደግማ አለችው፣ ቀስ ብላ፣ አስተካክላ። ደስ የሚል ስም ነው፣ ማን አወጣልሽ አለችኝ። እናቴ ናት አልኳት።

በማግስቱ ጠዋት ሻይዋን ሳደርስላት ስምሽ ማነው ልጄ አለችኝ። በሦስተኛው ቀንም ጠየቀችኝ። አንድ ነገር ሁለቴ የጠየቀኝን ሰው የማልምር እኔ፣ ይኸው እስከ ዛሬ በየጠዋቱ ጎንበስ ብዬ በጆሮዋ እነግራታለሁ። በየጠዋቱም እንደ አዲስ ደስ ይላታል፣ ማን አወጣልሽ ትለኛለች፣ እናቴ እላታለሁ።